አጀንዳዬ ላይ መስቀልን ያለፈ ዕቅድ የለም፤ ዕቁብ ግን አንድም ቀን አላሳለፍኩም

መስኮት 3 (ጥቅምት 6)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። 33 ዓመቴ ነው። ባንክ ውስጥ ካውንተር ላይ እሠራለሁ። የባንክ ሠራተኛ ቤት ምን ይበዛል ብትሉ፣ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ፤ አጀንዳ ነው። በየዓመቱ አንድ ሁለት ይደርሰኛል። ባለፈው ቅዳሜ ቁም ሳጥን ሳጸዳ ስድስቱን አንድ ላይ አገኘኋቸው፤ ከ2012 እስከ 2017። ጽዳቱን ትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ ዋልኩ።

የሁሉም የመጀመሪያ ገጽ አንድ ነው። «የዚህ ዓመት ዕቅዴ» ይላል፤ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሯል። ከዚያ ቁጥር ይከተላል። በ2012 ሰባት ነበሩ፣ በ2017 አሥራ አንድ ደርሰዋል። ያልተሳካው እየተንከባለለ ከአዲሱ ጋር ሲደመር ነው የበዛው። ብድር ቢሆን ኖሮ «የተበላሸ» ብለን ለብቻው መዝገብ እናወጣለት ነበር።

በየዓመቱ የማይቀሩት እነዚህ ናቸው። ማስተርሴን መጨረስ፤ ኮርሱን በ2014 ጨርሻለሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ግን ምዕራፍ ሦስት ላይ ቆሟል። ታላቁ ሩጫን መሮጥ። መንጃ ፈቃድ ማውጣት። በወር ሁለት መጽሐፍ። ስኳር መተው። ጠዋት 11 ሰዓት መነሳት። እንግሊዝኛ ማሻሻል፤ በምን እንደሚሻሻል አልተጻፈም። ሌሎቹን ልተዋቸው፣ ያሳፍራሉ።

ከዚያ ገጽ ቀጥሎ ያሉት ቀናት እስከ መስቀል ድረስ ጢም ብለው ተሞልተዋል። «ዛሬ 40 ደቂቃ ሮጥኩ።» «ዛሬ ያለ ስኳር ሻይ ጠጣሁ፣ አይጣፍጥም ግን ይለመዳል።» መስከረም 17 ካለፈ በኋላ ነጭ ወረቀት ነው። የ2015ቱ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ የእህቴ ልጅ ዳይኖሰር ሥላበታለች። የ2016ቱን እናቴ የዕድር ስም ዝርዝር ጽፋበታለች። እሱ እንኳ ለቁም ነገር ዋለ።

የ2018ቱ አሁንም ከነፕላስቲኩ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አልከፈትኩትም። ፈራሁት መሰለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እነዚያው አጀንዳዎች ውስጥ፣ ከኋላ ሽፋኑ አጠገብ፣ የዕቁብ ሒሳቤ አለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ 24 ሆነን በየ15 ቀኑ የምንጥለው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ታምሜ ተኝቼ በሰው ልኬያለሁ። ጾምም እንደዚያው። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ፤ ማንም ቆሞ አይጠብቀኝም። ሥራም ላይ ቢሆን ቅርንጫፋችን የተቀማጭ ታርጌት ሲሰጠው በሐምሌ ዝናብ መናኸሪያ ድረስ ወርጄ ለባለሱቆች ሒሳብ አስከፍቻለሁ።

ስለዚህ ሰነፍ ነኝ ብዬ ማመን አቃተኝ። ለሰው የገባሁትን ቃል እጠብቃለሁ፤ ለራሴ የገባሁት ግን የሚቆየው አሥራ ሰባት ቀን ነው። ለምንድን ነው? ዕቅድ አውጥታችሁ እስከ መጨረሻው የወሰዳችሁት ነገር ካለ እንዴት አድርጋችሁ ነው? «ቆራጥ ሁኚ» የሚል መልስ ከሆነ ግን ይቅርብኝ። እሱን የ2013ቱ ገጽ 1 ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

ሌንስ በኪራይ (ጥቅምት 6)

ዳይኖሰሩ ገደለኝ። ሳቄን ጨርሼ ነው የምጽፈው።

እኔ አዲስ አበባ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ዕቅድ ማውጣት የተውኩበትን ቀን በትክክል አውቀዋለሁ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016። የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን የተባለበት ቀን ነው። እኔ ካሜራ ልገዛ ብር ሳጠራቅም ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ ያጠራቀምኩት ብር ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ ካሜራው ሩቅ አገር ሄደ። የዚያን ሰሞን «ከአሁን በኋላ ዕቅድ የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም» ብዬ ምዬ ነበር።

መሐላው አልቆየም። ግን ዕቅድ የማወጣበትን መንገድ ቀየርኩ። «ይህን ያህል ብር» ብዬ አልጽፍም። ብሩ በእጄ አይደለም፣ ዋጋው በእጄ አይደለም። በእጄ ያለው ምንድን ነው? በየማክሰኞው ሁለት የዲኮር ባለሙያዎች ጋ ሄጄ ሥራዬን ማሳየት። ሥራ ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ከሄድኩ ዕቅዴ ተሳክቷል። በሁዳዴ ሠርግ ስለሌለ ሰው ሁሉ ተኝቶ ነው የሚውለው፤ እኔ ያኔ ነው የምዞረው። ለፋሲካ ማግሥት ሠርጎች የሚያስታውሱት ያኔ የመጣውን ሰው ነዋ።

ካሜራውን ባለፈው ግንቦት ያገለገለ ገዛሁ። ሌንሱን አሁንም እከራያለሁ። ስሜን አላየሽም?

ጠመኔ (ጥቅምት 7)

ልጄ፣ ዕድሜዬን በሙሉ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁና እንደ ልማዴ በጥያቄ ልጀምር። በሁዳዴ አንድ ቀን ሰው ቤት ተሳስተሽ ወተት ያለበት ሻይ ብትጠጪ ምን ታደርጊያለሽ? ትደነግጫለሽ። ትቆጫለሽ። በማግሥቱ ግን ጾምሽን ትቀጥያለሽ። «የዘንድሮው ሁዳዴ ተበላሸ፣ እንግዲህ ለከርሞ» ብሎ ሥጋ ቤት የሄደ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። አጀንዳሽ ላይ ግን የምታደርጊው ይህንኑ ነው። መስቀል ሲመጣ አንድ ቀን ሳትሮጪ ትቀሪያለሽ፤ ከዚያ ዓመቱን በሙሉ ትዘጊዋለሽ።

ይህንን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትላ ነበር። ሰዎቹ አንድ ትንሽ ነገር መርጠው በየቀኑ እንዲያደርጉ ነው የተነገራቸው፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ከእራት በፊት ጥቂት መሮጥ፣ የመሳሰለውን። ነገሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ መካከለኛ ቁጥር 66 ቀን ሆነ። የሰው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ተገምቷል። ሰው ሁሉ «21 ቀን» የሚለው ነገር እዚያ የለም። ሌላም አገኙ፤ መሐል ላይ አንድ ቀን መዝለል ሒደቱን ይህን ያህል አልጎዳውም። አንቺ በ17ኛው ቀን ነው ትተሽ የምትሄጂው። ገና ሳይቦካ ትጋግሪዋለሽ፣ ከዚያ እንጀራው ዓይን አላወጣም ብለሽ ትቀየሚያለሽ።

የመመረቂያ ጽሑፉን በተመለከተ ደግሞ አንድ የካናዳ ጥናት አለ፤ በፈረንጆቹ 1994 የወጣ። ጽሑፋቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ ተማሪዎችን «ስንት ቀን ይበቃችኋል?» ብለው ጠየቋቸው። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የወሰደባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። ሰነፎች አልነበሩም፤ ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲገምት መብራት መጥፋቱን፣ ልቅሶውን፣ እንግዳውን አይቆጥርም። አንቺም «ወር ይበቃኛል» ካልሽ ሁለት ወር ብለሽ ያዢው።

ዕቁቡ ቀን አለው፣ ልክ አለው። «ማስተርስ መጨረስ» የቱ ቀን ላይ ነው ያለው?

መስኮት 3 (ጥቅምት 7)

ጋሼ፣ የወተቱን ሻይ ሳነብ ቀላሁ፤ ባለፈው ዓመት በትክክል ደርሶብኛል። እንዳሉትም በማግሥቱ ቀጥያለሁ።

ቀኑን ግን ሞክሬዋለሁ። 2016 ላይ «ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ጽሑፍ» ብዬ ወስኜ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ፋይሉን ከፈትኩ፣ ከዚያ ልብስ አጠብኩ። ሁለተኛው ቅዳሜ ልብስ ስለሌለ መጋረጃ አጠብኩ። ቤቴ እንደዚያ ሰሞን ጸድቶ አያውቅም። ዕቁብ ላይ 23 ሰው እየጠበቀኝ ነው፤ ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ማን ይጠብቀኛል?

ዳኛው (ጥቅምት 7)

መርካቶ ነኝ። የዕቁብ ዳኛ ሆኜ 14 ዓመቴ ነው። በሙያዬ ስለመጣችሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሰው ዕቁብ የማያሳልፈው አፍሮ ብቻ ይመስልሻል? ይሉኝታ አለ፣ አልክድም። ግን መጀመሪያ ሲገባ የሚጥለውን የምንቆርጥለት በአቅሙ ስለሆነ ነው። አዲስ ሰው ሁሌም ሲገባ ይፎክራል። «በሳምንት 5 ሺህ እጥላለሁ» ይለኛል። እኔ ሱቁን አውቀዋለሁ፣ ገበያውን አውቀዋለሁ። «ግማሽ ዕጣ ያዝ፣ ሌላውን ግማሽ ከእገሌ ጋር ተካፈል፤ ዙሩ ካለቀ በኋላ እናያለን» እለዋለሁ። በዚህ የተጣላኝ አለ። ኋላ መጥቶ ያመሰገነኝም አለ።

አንቺ እህቴ፣ በባንክ ሠራተኛ ደመወዝ 11 ዕጣ ነው የያዝሽው። እኔ ዳኛ ብሆን አላስገባሽም ነበር። አንድ ያዢ። ቢበዛ አንድ ተኩል።

ሁለተኛ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብር አይወስድም። ታማኝ ሆነም አልሆነም ዋስ ይጠራል። ደንብ ነው፤ ማንም አይቀየምም። አንቺ ለዚያ ጽሑፍ ዋስሽ ማን ነው? ሐዋሳ ውስጥ እንዳንቺ ጽሑፉ የቆመበት ሰው ጠፍቶ ነው? እኔ እስከማውቀው የዚህ አገር ሰው ግማሹ ማስተርሱን ጀምሮ ያልጨረሰ ነው።

ዳገት (ጥቅምት 8)

ስለ ሩጫው ብቻ። ከሐዋሳ ተነስተሽ ታላቁ ሩጫን ለመሮጥ ማሰብሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ መስቀል አደባባይ ከ2,300 ይበልጣል። እዚያ ሐይቅ ዳር የሮጥሽው 40 ደቂቃ እዚህ ዳገት ላይ ግማሽ ነው የሚሆነው። ሳንባሽ ሲቃጠል «አልችልም» ብለሽ ትደመድሚያለሽ፤ ችግሩ ግን ከፍታው ነው። ደግሞስ እዚያው ሐዋሳ ግማሽ ማራቶን አለ፣ ከሱም ጋር 7 ኪሎ ሜትር። በደጅሽ!

በነገራችን ላይ ታላቁ ሩጫ በ1994 ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነው የሮጠው። አሁን ሩጫ ላይ የሚመጣው ሰው ብዙው እየጨፈረ ነው የሚጨርሰው። ቲሸርቱን ገዝቶ ቤቱ የሚተኛም አለ።

መስኮት 3 (ጥቅምት 8)

ሁለት ቲሸርት አለኝ። ሮጬ አላውቅም። በአንዱ መስኮት አጸዳበታለሁ።

የቦርከና ልጅ (ጥቅምት 9)

ሰላም እህቴ። እኔ ሻርጃ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ 9 ዓመቴ ነው። ትምህርቴ እስከ 10ኛ ነው። ስለ ማስተርስ ስለማላውቅ ከተሳሳትኩ ይቅር በይኝ።

ስመጣ ሦስት ዓመት ሠርቼ ቤት ሠርቼ ኮምቦልቻ እገባለሁ ብዬ ነበር። ሦስቱንም ዓመት ብሩን ለአንድ ዘመድ ላክሁ። ቦታ ግዛልኝ፣ መሠረት አውጣልኝ ብዬ። ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ለዕረፍት ስሄድ ፎቶው ላይ ያለው መሠረት የሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ስለሱ ሌላ አልጽፍም፣ አልፏል።

ተመልሼ መጣሁ። በራሴ ስም ሒሳብ ከፈትኩ። የምተኛበት ክፍል ቁም ሳጥን አለ፤ በሩ ላይ በውስጥ በኩል ወረቀት ለጠፍኩ። «ቤት» ብዬ አልጻፍኩበትም። «ብሎኬት» ብዬ ነው የጻፍኩት። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር ስንት ብሎኬት እንደሚገዛ አስልቼ ቁጥሩን እጽፋለሁ። አገር ቤት የብሎኬት ዋጋ ሲጨምር ቁጥሩ ያንስብኛል። ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ወር አለ። ግን ቤት ሲባል በጣም ሩቅ ነው፤ ብሎኬት ሁለት እጅ ይበቃዋል። እመቤቲቱ አንድ ቀን ወረቀቱን አይታ ምንድን ነው አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ በኋላ በየወሩ «ስንት ደረሰ?» ትለኛለች። እሷ ስትጠይቀኝ እንዳላፍር ብዬ ያስቀመጥኩበትም ወር አለ፣ ልዋሽ አልችልም።

አሁን ሁለት ክፍል ቆሟል። ቆርቆሮ ለብሷል። እናቴ ገብታበታለች። የአንዱ ክፍል በር ገና ነው፤ ለጊዜው መጋረጃ ነው።

እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ቆሟል አልሽ። እዚያ ጋ ምን አለ? የኔ ቤት መሠረቱ ወጥቶ ሁለት ዓመት ሲቆም ሰው ሁሉ «ብር አጥታ ነው» ይል ነበር። ብር አልነበረም። ለሚቀጥለው ወረቀት የት ቢሮ እንደሚኬድ ስለማላውቅ ነው። እንደገና ሰው ልመን? ማንን ልጠይቅ? አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

መስኮት 3 (ጥቅምት 10)

የቦርከና ልጅ፣ ጥያቄሽን ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያነበብኩት። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሦስተኛ ደግሜ ቆጠርኩ። ሐሳቤ እዚያው ቀርቶ ነው።

አልጋዬ ሥር አንድ ፌስታል አለ። ውስጡ 118 መጠይቅ አለ። ጥናቴ ደንበኞች የሞባይል ባንኪንግ ለምን እንደሚጠቀሙና እንደማይጠቀሙ ነው። 150 በትኜ 118 ተሞልቶ ተመለሰልኝ። ሰዉ አክብሮኝ ሞልቶልኛል። የቀረው ኮምፒውተር ላይ ማስገባትና መተንተን ነው። በኤስፒኤስኤስ፣ በዚያ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም።

ኤስፒኤስኤስ አልችልም።

ይኸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩትን ለማላውቃችሁ ሰዎች ጻፍኩት። ኮርሱን ስንማር የግሩፕ ሥራውን የሠራልን አንድ ልጅ ነበር። የኔ ድርሻ ማኪያቶ መጋበዝ ነበር። ኤ አገኘሁ። ኤ ያገኘሁበትን ነገር አልችልም ብዬ አማካሪዬን እንዴት ልጠይቃቸው? አሁን ገባኝ፣ በየመስከረሙ «ማስተርሴን መጨረስ» እያልኩ በቀይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። «ኤስፒኤስኤስ መማር» ብዬ የጻፍኩበት አንድም ዓመት የለም። ስድስቱንም አጀንዳ ዛሬ ማታ ደግሜ አየሁ። የለም።

ሌንስ በኪራይ (ጥቅምት 10)

እኔ ካሜራዬን ሁለት ዓመት በአውቶ ነው የሠራሁበት። ማንዋል አልችልም ነበር። ሙሽሮቹ አልነቁም። ይኸው እኔም ተናገርኩ።

ጠመኔ (ጥቅምት 10)

የቦርከና ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት የጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ያንቺን አንዷን አያህሉም። ተባረኪ።

ልጄ፣ የመሥሪያ ቤትሽ ወጣቶች ውስጥ የሚችል አይጠፋም። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከመጠየቅ ይልቅ ካንቺ ያነሰ መጠየቅ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። እኔን ስልክ ያስተማረችኝ የ11 ዓመት የልጅ ልጄ ናት። ትቆጣኛለች።

መስኮት 3 (ጥር 2)

ቃል ባልገባም ተመልሼ መጣሁ። ወሬው ብዙ ነው፣ ሁሉም ደስ አይልም።

መጀመሪያ የ2018ቱን አጀንዳ ቀደድኩት፤ ፕላስቲኩን ማለቴ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ባዶውን ተውኩት። ጥቅምት 15 ላይ ከፍቼ «ልጁን መጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ማለት ቅርንጫፋችን አምና የተቀጠረ የ24 ዓመት ልጅ ነው። «ኤስፒኤስኤስ ትችላለህ?» አልኩት። «ቀላል ነው እኮ» አለኝ። በዚያች «ቀላል ነው» ተናድጄ ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። አራት ምሳ ሰዓት ፈጀብን። ሦስት ዓመት የሸሸሁት ነገር አራት ምሳ ሰዓት! ዕቁቤ ከደረሰኝ ጥሩ ሸሚዝ ነው የምገዛለት።

ማስገባቱ ግን ጋሼ እንዳሉት ሆነ። 118ቱን በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አምስት ሳምንት ወሰደ። መሐል ላይ ደግሞ ዘጠኙ መጠይቆች በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ የተሞሉ ሆነው አገኘኋቸው። አንድ ደግ ደንበኛ ለጓደኞቹም ሞልቶላቸው ኖሯል። ጣልኳቸው። 109 ቀረ። የዛሬ ዓመት ቢሆን በዚህ ብቻ አጀንዳውን እዘጋው ነበር።

ዳኛው፣ ዋስ ጠራሁ። ከኮርስ ጓደኞቼ ሁለቱን ደወልኩላቸው፤ አንዷ ምዕራፍ ሁለት ላይ፣ አንዱ ምዕራፍ አራት ላይ ቆመዋል። ግምትህ ልክ ነው። በየቅዳሜው 8 ሰዓት ላይ የሷ ቤት፣ አቶቴ ሰፈር፣ እንገናኛለን። ሁላችንም 300 ብር ይዘን እንመጣለን። የሳምንቱን ሥራ ያሳየ ብሩን ይዞ ይመለሳል፤ ያላሳየ ለቡናና ለኢንተርኔት ጥሎ ይሄዳል። ምዕራፍ አራት ላይ የቆመው ጓደኛችን በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። «ትልቅ ሰው ሆኜ በ300 ብር አትቅጡኝ» ብሎ ነው የተቆጣው፤ ቅያሜው እስካሁን አልበረደም። ምናልባት ግማሽ ዕጣ ልናስይዘው ይገባን ነበር። አሁን ሁለት ነን። ሁለት ሆነን ዕቁብ አይባልም፣ ግን ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ቡና አፍልታ የምትጠብቀኝ ሰው አለች። ቤቴ ግን እንደ ድሮው አይጸዳም።

አንድ ቅዳሜ ልቅሶ ሄጄ ቀረሁ። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ሞቷል፤ ቁጭ ብለን አወራን። በቀጣዩ ቅዳሜ ሄድኩ። ወተት ያለበት ሻይ ነው ብዬ።

ከ11 ዕቅዶች ዘጠኙን ሰረዝኩ። መንጃ ፈቃዱን ስሰርዝ አላመነታሁም፤ መኪና የለኝም፣ የሚገዛልኝም የለም። ጠዋት 11 ሰዓት መነሳትን ስሰርዝ ግን ትንሽ ቅር አለኝ። ሌላ ሰው የምሆን ይመስለኝ ነበር። የቀሩት ጽሑፉና ሩጫው ናቸው። ሩጫው እንኳ ሩጫ አይባልም። ዳገት፣ እንዳትስቅብኝ፣ እሑድ ጠዋት ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል በእግሬ ሄጄ ዓሣ ሾርባ ጠጥቼ በባጃጅ እመለሳለሁ። በ7 ኪሎ ሜትሩ ላይ ቲሸርቱን ለብሼ ከወጣሁ እነግርሃለሁ።

ስኳሩን ተውኩት፤ መተዉን ማለቴ ነው። ሁለት ማንኪያ።

ምዕራፍ አራትን የገና ዋዜማ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ለአማካሪዬ በኢሜይል ላክሁ። ሦስት ዓመት ጠፍቼባቸው ስለነበር ይቆጣሉ ብዬ ረጅም ይቅርታ ጽፌ ነበር። ትናንት መለሱልኝ። ስለ ይቅርታው ምንም አላሉም። መልሳቸው ይህቺ ናት፤ «ደርሶኛል። ሠንጠረዥ 4.3 ላይ ያሉት መቶኛዎች ሲደመሩ 100 አይመጡም።»

ካውንተር ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሒሳብ አልመጣም ተብዬ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ 7 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሠንጠረዡን ይዤ እየወጣሁ ነው። 300 ብሩንም ይዣለሁ።

የቦርከና ልጅ (ጥር 2)

እሰይ እህቴ! የኛም በር ተገጠመ። ብረት ነው። እናቴ መጋረጃውን አላወርድም ብላለች፣ ለምዳዋለች።